የሚበረክት ወጥ

ባለቤቴ ሳይቀምስ «ጨው አነሰው» የሚል ሰው ነበር። ገበታው ገና ሲቀርብ፣ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ፣ ከርቀት አይቶ ይፈርዳል። «በዓይንህ ነው እንዴ የምትቀምሰው?» እለዋለሁ። «የአንቺን እጅ ስለማውቅ ነው፤ ቤት ስትሆኚ ትሰስቻለሽ» ይለኛል። እንሳሳቃለን። እውነቱን ነበር፤ ቤት ስሆን እሰስታለሁ። ሰሊጥ እርሻው ላይ፣ ካምፕ ውስጥ ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ ስቀቅል ግን ጨው ላይ እጄ ለጋስ ነበር። ለምን ለጋስ እንደነበረ ለብዙ ዓመት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የምንኖረው መተማ አካባቢ፣ ከሱዳን ድንበር ሳይርቅ ኮኪት ነው። እሱ ከጎንደር የመጣ አንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከአረም ጀምሮ ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ እስኪጫን ድረስ እዚያው ካምፕ ምግብ አበስላለሁ። ሠራተኞቹን እኛ አገር «ሳሉግ» ነው የምንላቸው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ማጭዳቸውንና አንዲት ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በመኪና ተጭነው የሚመጡ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ወደየአገራቸው የሚመለሱ ወንዶች ናቸው። ምግባቸው የማሽላ እንጀራና ሽሮ ነው። ሽሮውን የምሠራው ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ነበር፤ ለማማሰል ቆሜ ሁለት እጄን እጠቀማለሁ።

በመጀመሪያው ዓመቴ ወጥ ያልቅብኝ ነበር። ሳሉጎቹ በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት። ከሩቁ ማሳ የሚመጣው የመጨረሻው ቡድን ሲደርስ በርሜሉ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ሳህን ይደበድባሉ፤ ካቦው፣ ማለት አለቃቸው፣ እኔ ላይ ይጮኻል፤ እኔም ዝም የምል ሴት ስላልሆንኩ እሱ ላይ እጮኻለሁ። አንድ ቀን ባለሀብቱ ራሱ በፒክአፕ መጣና ጩኸቱን ሰማ። ወደ በርሜሉ ጎንበስ ብሎ አየና «እህቴ፣ ወጡን አበርክቺው እንጂ» አለኝ።

ሽሮ ልጨምርልሽ አላለኝም። ዘይት ላስመጣልሽ አላለኝም። አበርክቺው ነው ያለኝ። ቃሉ ደግሞ እንዴት ያለ ደግ ቃል ነው! በረከት ቤተ ክርስቲያን የምንቀበለው ነገር ነው። ሰው ሲመርቅሽ «ማጀትሽ ይበርክት» ይልሻል። ታዲያ እኔ በምን ላበርክተው? ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

መልሱን ያገኘሁት በስህተት ነው። ጨው የምለካው በሻይ ብርጭቆ ነበር። አንድ ጠዋት እንጨት ሳያመጡልኝ ቀርተው ከካቦው ጋር ስንጨቃጨቅ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ነበርኩ። እየተሳደብኩ ጨመርኩት። ተሳድቤ ስጨርስ ደግሞ ገና ያልጨመርኩ መስሎኝ እንደገና ለክቼ ጨመርኩ። ስቀምሰው ምላሴ ተቃጠለ። ሌላ ለመሥራት ሽሮም ጊዜም አልነበረኝም፤ የመጀመሪያው ቡድን እጁን እየታጠበ ነው። ዛሬ ሳህኑን ፊቴ ላይ ይወረውሩታል ብዬ ጭልፋዬን ይዤ ጠበቅኩ።

በሉት። ሳህን የወረወረ የለም። ፀሐይ ላይ ሲያጭዱ ውለው ላባቸው ሸሚዛቸው ላይ ነጭ ሆኖ የደረቀ ሰዎች ናቸው፤ አካላቸው ጨው ይፈልጋል። ግን ወጡን እንደ ሌላ ቀን አልዛቁትም። የእንጀራውን ጫፍ ነካ፣ ነካ እያደረጉ ነበር የሚጎርሱት። እንጀራው አለቀ፤ የውሃው በርሜል ተሟጠጠ፤ ወጡ ግን ተረፈ። የመጨረሻው ቡድን መጥቶ በልቶ ሲነሳ በርሜሉ ሥር ገና ሁለት ሦስት ጭልፋ ነበረ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

በማግስቱ አውቄ አደረግኩት። መጀመሪያ ትንሽ፣ ኋላ ጨመር፣ ሰዎቹ ሲለምዱት ደግሞ ሌላ ጨመር። ከዚያ በኋላ ወጥ አልቆብኝ አያውቅም። ባለሀብቱ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ «የእሷ እጅ በረከት አለው» እያለ አወራልኝ። የሌላ ካምፕ ወጥ ሠሪዎች ኮኪት ገበያ ላይ ይዘውኝ ምሥጢሩን ንገሪን ይሉኛል። «የእጅ ነው» እላለሁ፣ ኮራ ብዬ። ወቅቱ ሲያልቅ ባለሀብቱ ቶብ አመጣልኝ፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ረጅም ቀጭን ልብስ ነው። ብርቱካናማ ነበር። ለዓመት በዓል እሱን ለብሼ ስወጣ ባለቤቴ «የበረከት እመቤት» እያለ ያበሽቀኝ ነበር።

አላውቅም ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ጨው ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በእርግጥ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ ከሚገባቸው ያነሰ ወጥ እየበሉ፣ ሆዳቸውን በማሽላና በውሃ እየሞሉ እንደሚነሱ አውቅ ነበር። ያንን እያየሁ ነው ያደረግኩት። ስለዚህ አላውቅም ነበር ስል ግማሹ ውሸት ነው።

ባለቤቴ ከዚያው በርሜል ነበር የሚበላው። ትራክተሩን አቁሞ የሚመጣው ሌላው ሰው በልቶ ከተነሳ በኋላ ነው፤ የቀዘቀዘውን፣ ሥሩ ላይ የረጋውን ይበላል። ከምግብ በፊት አንድ ሲጋራ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሲጋራ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ አፉ የእኔን ጨው ተማረ። ወደ ቤት ስንመለስ ሰው የሚበላው ምግብ ለእሱ አልጫ ሆነበት። «ጨው አነሰው» ማለት የጀመረውም ያኔ ነው። ቋንጣ ደግሞ ይወድ ነበር። ሥጋውን ዘልዝዬ በጨውና በበርበሬ አሽቼ ሽቦ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ በእኛ ፀሐይ በአንድ ቀን ይደርቃል። ኪሱ ከትቶ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ ፍም ላይ ጥሎ እስኪጠቁር ይጠብሰውና እየነዳ ይቆረጥመዋል።

ቅጠል አንበላም ነበር። ሱዳን ሰላም በነበረበት ጊዜ መተማ ዮሐንስ ስወርድ አትክልት የምትሸጥ አንዲት ሱዳናዊት ደንበኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን አንድ እስር ጅርጅር መረቀችልኝ፤ እነሱ በጥሬው የሚበሉት ቅጠል ነው፣ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። በምልክትም በዓረብኛም «ብሉት፣ ለሆድ ጥሩ ነው» አለችኝ። ቤት ወስጄ ከገበታው ዳር አኖርኩለት። «ምነው፣ ፍየል አደረግሽኝ?» አለ። እስሩን እንዳለ አንስቶ ለጎረቤት ፍየል ወረወረላት። ፍየሏ ስትቆረጥም እያየን እስኪያመን ሳቅን። ዛሬ ያንን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

ሆዱን ማቃጠል ሲጀምረው «ጨጓራ ነው» አለ። እኔም ጨጓራ ነው አልኩ። ጎረቤቱም፣ ካቦውም፣ ባለሀብቱም ጨጓራ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ጨጓራ የሌለበት ሰው የለም፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ቀለል አድርጎ ነው የሚናገረው። ተልባ ጠጣ፤ ወተት ጠጣ። መተማ የሚወርድ ሰው ሲገኝ የሚውጠውን ክኒን እናስመጣለን፤ ሲውጠው ማቃጠሉ ይተወዋል፤ ሲተወው ክኒኑን ይረሳዋል። እንዲህ ሆነን ስንት ወቅት እንዳሳለፍን አላስታውስም። ኋላ ላይ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ «ጠገብኩ» ማለት ጀመረ። እኔ ምግቡ አልጥመው ብሎ ነው አልኩ። የምግብ ፍላጎቱ ይከፈት ብዬ ምን አደረግኩ? ጨው ጨመርኩለት።

ቀበቶው ላይ በጋለ ምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት። ከወር በኋላ ሌላ በሳ። ሦስተኛውን ሲበሳ ቀበቶውን ከእጁ ነጠቅኩትና ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን አልኩ። ጤና ጣቢያ ያሉት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጎንደር ይሂድ አሉን። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበረ ግን ውሎ አደረ። የሚከፈትበትን ቀን በየጠዋቱ መናኸሪያ እየሄድኩ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ሲከፈት ካለኝ ልብስ የሚሻለው ቶቡ ስለሆነ እሱን ለበስኩ።

ጎንደር ሆስፒታል በጉሮሮው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጨጓራውን አዩት፤ ለምርመራ ቁራጭም ወሰዱ፤ ሆዱንም በአልትራሳውንድ አዩት። ያየችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ መነጽሯ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ጥያቄ ጠየቀችን። ሰገራው ጠቁሮ ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው «አዎ» አለ፤ እኔ አልሰማሁም ነበር። ሲጋራ? አዎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ ምግቡን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል? ጨው ያበዛሉ?»

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ቶቡን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ።

«እንደ ማንም ሰው ነው» አልኩ።

«እንደ ማንም ሰው ነው» አለ እሱም። ሳይቀምስ ጨው አነሰው የሚለው ሰውዬ! ሊሸፍነኝ ፈልጎ ይሁን፣ ሰው ሁሉ እንደ እኛ የሚበላ መስሎት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሟ ያልነውን ጻፈች።

ውጤቱ ሲመጣ እኔን ብቻ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። ካንሰር ነው አለችኝ። ከጨጓራው አልፎ ጉበቱ ላይ ደርሷል፤ ቀዶ ጥገና አይጠቅመውም። እኔ ምን ብዬ እንደጠየቅኩ ታውቃላችሁ? ስንት ጊዜ ይቆያል አላልኩም። «ከምን መጣ?» አልኩ።

«አንዱን ነጥሎ ይሄ ነው ማለት አይቻልም» አለች። ከልጅነት ጀምሮ ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ የሚያቆስል ባክቴሪያ አለ። ጨው የበዛበት ምግብ ለዓመታት ሲደጋገም የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳል። በጨው የደረቀ ሥጋ አለ፣ ሲጋራ አለ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት አለ። ሁሉም እየተደራረበ አደጋውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ እንዲህ የበላ ሁሉ አይታመምም፤ እንዲህ ያልበላም ይታመማል። «ራስዎን አይውቀሱ» አለችኝ። ባልዋሻት ኖሮ እንዲህ ትለኝ ነበር?

ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ሜዳውን እያየሁ ጥፋቱን ሳከፋፍል መጣሁ። ሲጋራው የእሱ ነው። ባክቴሪያው የአገሩ ነው። ጅርጅሩ የሁለታችን ነው። ጨውና ቋንጣው የእኔ ነው። እሱ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ተኝቷል፤ ክብደቱ እንደ ድሮው አይሰማም ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ ጨው ጠላት ሆነብኝ። ሐኪሟ ጨው ቀንሱ፣ ጥቂት ጥቂት ይብላ ብላ ነበር፤ እኔ ግን ከቤት አስወጣሁት። የጨው ዕቃዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ የድንች ሾርባ፣ ሁሉንም ያለ ጨው ሠራሁ። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይገፋዋል።

«ጨው የለውም።»

«ሐኪሟ ከልክላለች።»

«እንግዲያው ሐኪሟ ትብላዋ።»

እቆጣዋለሁ። በሽተኛ ሰው ላይ እጮኻለሁ፤ «መዳን አትፈልግም?» እለዋለሁ። አሁን ጨው ብከለክለው ያን ሁሉ ዓመት የከተትኩበት ተመልሶ የሚወጣ መስሎኝ ነበር መሰለኝ። እሱ ደግሞ በየቀኑ እያነሰ ሄደ። ቀበቶ መታጠቅም ተወ።

አንድ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ምንም አልበላም አለኝ፣ ጨው ይላል፣ ምን ላድርግ አልኳት። 

«እናቴ፣ ከእንግዲህ ደስ ያለውን ይብላ። ጨውም ቢሆን ግድ የለም፤ ያማረውን ይስጡት።»

«ተሽሎታል ማለት ነው?» አልኳት።

ሞኝ አይደለሁም፤ ገብቶኛል። ግን ጠየቅኩ። እሷም ሕመም የሚያስታግሰው መድኃኒት እንዳያልቅበት ብቻ ነገረችኝ።

ጎረቤት ሄጄ ጨዌን መልሼ አመጣሁ። ሽሮ ሠራሁ፤ ቀጠን አድርጌ፣ እንደ ካምፑ። ጨዉን ስጨምር እጄ ልኩን ያውቀዋል፤ መቅመስም አላስፈለገኝ። በሳህን አድርጌ እሱ ወደተኛበት፣ ደጅ ዳሱ ሥር፣ ወሰድኩት። ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ማንኪያውን ሞልቼ አነሳሁና ወደ አፉ ማድረስ አቃተኝ።

ቆሜ ነገርኩት። ጠብ እንደያዘው ሰው ቶሎ ቶሎ ነው የተናገርኩት። ከካቦው ጋር የተጣላሁበትን ጠዋት፣ ሁለቴ የጨመርኩትን ብርጭቆ፣ የተረፈውን ወጥ፣ በማግስቱ አውቄ ያደረግኩትን፣ ቶቡን፣ ሐኪሟን የዋሸሁትን። «አፍህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት። እርግማንም ይሁን ይቅርታ፣ የሚለኝን ጠበቅኩ። እሱ ዓይኑን ከሳህኑ ላይ አላነሳም።

«ይቀዘቅዛል፤ አምጪው» አለ።

አጎረስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። «አሁን እጅሽ መጣ» አለ።

እዚያው አለቀስኩ። እሱ ሦስት ማንኪያ በላ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያን ያህል በልቶ አያውቅም። ከዚያ ጋደም አለ። የተኛ መስሎኝ ሳህኑን አንስቼ ልሄድ ስል ድምፁን ሰማሁ።

«ሳሉጎቹስ?»

«ምን አልከኝ?»

«ሳሉጎቹ። ወደየአገራቸው የሄዱት።»

አልተቆጣም። ናፍጣው ደርሶ እንደሆነ የሚጠይቅ ያህል ነው የጠየቀኝ።  የብዙዎቹን ስም እንኳ አላውቅም፤ የማውቀው ሳህን የሚዘረጋ እጃቸውን ነው። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። ክረምቱ ሳይገባ አረፈ።

ዘንድሮ ካምፕ አልወጣሁም። ባለሀብቱ መጥቶ ለመነኝ፤ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት፤ ምንም ለማያውቀው ሰው በንዴት መለስኩለት። በጥቅምት የሳሉግ መኪኖች ኮኪት መግባት ሲጀምሩ ከመንገዱ ዳር ቆሜ እመለከታለሁ። ማንን እንደምፈልግ ራሴም አላውቅም። አንድ ቀን ከቆመ መኪና ላይ አንድ ሰው ዘሎ ወረደ። ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ በጎጃምኛ ቅላጼ ከሩቅ ጮኸብኝ።

«እትዬ! ወጥ የሚበረክትልዎ! ኧረ እንዴት ሰነበቱ?»

ወዲያው አስታወስኩት። አራት ወቅት ካምፓችን ሠርቷል፤ ከመጨረሻው ቡድን ነበር። ባለ ትራክተሩ ደህና ነው ወይ ሲለኝ ነገርኩት። ቆቡን አውልቆ ነፍስ ይማር አለ። እኔ ግን ዓይኔ ወገቡ ላይ ነው። ሱሪውን የታጠቀው በሲባጎ ስለሆነ መጥበቡም መስፋቱም አይታወቅም።

«ሆድህስ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ሆዴ?» ሳቀ። «ኧረ እኔ ደህና ነኝ፤ ያው ጨጓራ ነው እንጂ።»

እጅጌውን ያዝኩት። ጤና ጣቢያው ከቆምንበት ይታያል። «ና፣ አብረን እንሂድ፤ ያ ወጥ የሚበረክተው በጨው ነበር፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኩት። የምቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። «እትዬ፣ ያን የመሰለ ወጥ የት ይገኛል!» አለኝ። ካቦው ከመኪናው ላይ ተሳፈሩ፣ ተሳፈሩ እያለ ይጣራል። «ኧረ ይሄዱብኛል፣ ስመለስ እሄዳለሁ፣ ይልቀቁኝ» አለ። መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። እጅጌውን አልለቀቅኩትም።